የቦይለርና የጭስ ማውጫ ዓመታዊ ጽዳት በብሪታንያ የባሕር ዳርቻ

ቦይለር ውሃ እያሞቀ በክፍሎቹ ወደተተከሉት ራዲያተሮችና ወደ መታጠቢያ ቧንቧዎች የሚልክ መሣሪያ ሲሆን፣ ብርዱ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በሚዘልቅባት ብሪታንያ ያለ እርሱ የሚከርም ቤተሰብ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ቦይለሮች በመንገድ ሥር በተዘረጋ መስመር የሚመጣውን የተፈጥሮ ጋዝ ያነድዳሉ፤ መስመሩ ያልደረሰባቸው የገጠርና የጠረፍ ቤቶች ግን በጓሮ ጋን የሚያጠራቅሙትን ነጭ ጋዝ ይጠቀማሉ፤ ብዙዎቹም ሳሎናቸው ውስጥ የእንጨት ምድጃ ይጨምሩበታል። ነዳጁ የትኛውም ቢሆን፣ ከእሳቱ የሚነሣው ትኩስ ጋዝ ከሰው ትንፋሽ ጋር ሳይደባለቅ ከቤት የሚወጣበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ የጭስ ማውጫ የሚባለውም ይኸው መንገድ ነው። በአሮጌ ቤት ከምድጃው ተነሥቶ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ከጣሪያ በላይ የሚወጣ የጡብ ጉሮሮ ሲሆን፣ በአዲስ ቤት ደግሞ ከቦይለሩ ተነሥቶ ግድግዳውን በስቶ የሚወጣ አጭር ቱቦ ነው።

መሣሪያውንም መንገዱንም በዓመት አንድ ጊዜ ማጽዳትና መፈተሽ በመላው አገሪቱ የተለመደ ሥራ ቢሆንም፣ በባሕር ዳርቻ ግን ይህ ሥራ የራሱ ጠባይ አለው። በብሪታንያ ከባሕር እጅግ የራቀው ስፍራ እንኳ በ113 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የጥቂት ዓሣ አጥማጅ መንደሮች ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይችልም። መሐል አገር ባለ ቤት የጭስ ማውጫውን የሚያበላሸው በአብዛኛው ከታች ከእሳቱ የሚነሣው ጥቀርሻ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ባለ ቤት ግን ጥቀርሻው ከታች ሲመጣ ጨው፣ ነፋስና ወፍ ደግሞ ከላይና ከውጭ ይመጣሉ፤ እነዚህም ቦይለሩ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ሥራቸውን አያቆሙም። ስለዚህ «ዘንድሮ ብዙም አልነደደም» ተብሎ ጽዳቱ የሚታለፍበት ቤት፣ በተለይም በሙቀት ወራት ብቻ የሚከፈት የዕረፍት ቤት፣ እንዲያውም ከሌሎቹ አስቀድሞ ሊፈተሽ የሚገባው ነው።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት የሚገባው የእሳቱ ጠባይ ሲታወቅ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በትክክል ሲነድ የሚያስወጣቸው ዋና ዋና ነገሮች ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ሲሆኑ፣ ለዚህም አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ዐሥር ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲያንሰው፣ ወይም የተቃጠለው ጋዝ መውጫ አጥቶ ወደ እሳቱ ሲመለስ፣ ነዳጁ ነድዶ ሳይጨርስ ይቀርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚይዘው፣ በአየር ውስጥ የሚገኝ ጥቂት መጠን እንኳ ቀስ በቀስ የሰውነትን የኦክስጅን ድርሻ ይነጥቃል፤ መጀመሪያ የሚሰሙት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከጉንፋን ስለሚመሳሰሉም ብዙዎች ምክንያቱን ሳያውቁ እዚያው ክፍል ውስጥ ይተኛሉ። በኢትዮጵያ ብርድ በጸናበት ሌሊት በተዘጋ ክፍል ውስጥ በሚቀመጥ የከሰል ምድጃ ሰው የሚሞተው በዚሁ ጋዝ ነው፤ ከሰሉ ጭሱ ካለቀና ከፈመ በኋላ አይጎዳም የሚለው እምነትም ትክክል አይደለም፤ ጭስ የሌለው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫልና።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ አዲስ የሚተከል የጋዝ ቦይለር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ኮንደንሲንግ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። ይህ ቦይለር ሊወጣ የተቃረበውን ትኩስ ጋዝ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እስኪደርስ አቀዝቅዞ፣ ተኑ ወደ ውሃነት ሲመለስ የሚለቀውን ሙቀት መልሶ የሚጠቀም ስለሆነ ነዳጅ ይቆጥባል፤ በምላሹ ግን አሲድነት ያለው ውሃ በሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ዓመታዊ ሥራው ይህን ሆድ መክፈት ነው። ባለሙያው ጋዙንና ኤሌክትሪኩን ዘግቶ የፊት ክዳኑን ያነሣና፣ እሳቱ የሚነሣበትን በርነር ያወጣል፤ ከዚያም የእሳቱ ሙቀት ወደ ውሃው የሚሻገርበትን ክፍል በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ፣ ከሥሩ የተኛውን የቡና ዝቃጭ የመሰለ ጥቁር ጭቃ ያወጣል። አሲዳማው ውሃ የሚወርድበትን ጠመዝማዛ ወጥመድ ነቅሎ ያጥበዋል፤ ይህ ወጥመድ ከተደፈነ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ እሳቱን ያፍነዋል። ክዳኑን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ከጠነከረ ወይም ከተሰነጠቀ በአዲስ ይለወጣል፤ በአንዳንድ ቦይለሮችም በተከፈተ ቁጥር መለወጡ ግዴታ ነው።

ቦይለሩ ተገጥሞ ከተነሣ በኋላ ባለሙያው ቀጭን መመርመሪያ ዘንግ ወደ ጭስ ማውጫው አስገብቶ የሚወጣውን ጋዝ ይለካል። የሚፈለገው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ብቻ አይደለም፤ እርሱ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥርም ነው፤ በአብዛኞቹ ኮንደንሲንግ ቦይለሮችም ይህ ቁጥር ከ0.004 መብለጥ የለበትም። ለዓይን ንጹሕ የሚመስል እሳት በዚህ ፈተና ሲወድቅ ስለሚገኝ፣ ሳይለካ «ጸድቷል» የሚል ባለሙያ ሥራውን ጨርሷል ሊባል አይገባም። በነጭ ጋዝ የሚሠራው ቦይለር በበኩሉ ጥቀርሻ የማብዛት ጠባይ ስላለው ብሩሹ ይበልጥ ይደክምበታል፤ ነዳጁን ወደ ጉም የምትለውጠው ትንሿ ኖዝልም አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ትለወጣለች።

እስከዚህ የተባለው በየትኛውም አካባቢ ይሠራል። ባሕሩ የሚጨምረው የመጀመሪያው ጣጣ ጨው ነው። ማዕበሉ ዳርቻውን ሲመታ የሚበተኑትን ደቃቅ ጠብታዎች ነፋስ ተሸክሞ ወደ መሬት ይነዳቸውና፣ ውሃው ሲተን ጨዉ በጣሪያ፣ በግድግዳና በብረት ላይ ይቀራል። የጭስ ማውጫ ቱቦዎችና የጡቡን ጉሮሮ ከውስጥ የሚያለብሱት ገበሮች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከስቴንለስ ስቲል ሲሆን፣ ይህ ብረት የማይዝገው ክሮሚየም በላዩ በሚሠራለት እጅግ ስስ ሽፋን ምክንያት ነው። የጨው ክሎራይድ ግን ይህን ሽፋን በነጠብጣብ እየበሳ ወደ ውስጥ ይቆፍራል፤ የቀረው ገጽ እያብረቀረቀ ሳለ የመርፌ ጫፍ የሚያክል ቀዳዳ ቱቦውን በስቶ ሊያልፍ ይችላል። 304 የሚባለው የተለመደ ዓይነት በባሕር አየር ቶሎ የሚሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ 316 የሚባለው ግን 2 በመቶ ያህል ሞሊብዲነም የተጨመረበት በመሆኑ የተሻለ ይቋቋማል፤ በጠረፍ አካባቢ ርካሹን መምረጥም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድጋሚ ወጪ ያስከትላል። ቱቦውን የያዙት ብሎኖችና ማቀፊያዎች ተራ ብረት ከሆኑ ደግሞ ቱቦው ሳይበሳ እነርሱ አስቀድመው ይበላሉ፤ መጋጠሚያው ተላቆ ጋዙ በግድግዳው ውስጥ ሲፈስም ከሳሎን የሚታይ ምልክት አይኖርም። በአሮጌ ቤት ጨዉ በጡቡና በስሚንቶው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ወደ ቅንጣትነት እየተለወጠ ያብጥና መጋጠሚያዎቹን ያፈረፍራል፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ የሚሠራ ጠራጊ ብሩሹን ከመያዙ በፊት ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ የጉሮሮውን አናት በመነጽር ቢመረምር የሚገባውን እያደረገ ነው።

ነፋሱም ቀላል አይደለም። የጡብ ጭስ ማውጫ የሚሠራው ትኩስ አየር ከቀዝቃዛው ስለሚቀል ወደ ላይ ሲወጣ ከክፍሉ አየር እየሳበ በመሄዱ ነው። ከባሕር የሚነሣ ብርቱ ነፋስ ገደል ወይም ከፍ ያለ ሕንፃ ዘልሎ ሲወርድ ግን አየሩን በጉሮሮው አናት ላይ ወደ ታች ይጫነዋል፤ የተቃጠለውም ጋዝ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። አናቱ ላይ የሚደፋው የብረት ቆብ ይህን ግፊት ለመስበር የተሠራ ነው፤ በዐውሎ ነፋስ ከተጣመመ ወይም ከወደቀ ግን ጥበቃው ያበቃል። ዘመናዊው የግድግዳ ቱቦ ችግሩን በረቀቀ መንገድ ይፈታዋል፤ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ሆኖ፣ በመሐል ያለው የተቃጠለውን ሲያስወጣ በዙሪያው ያለው ንጹሕ አየር ያስገባል፤ ሁለቱም አፎች በአንድ ስፍራ ስለሚከፈቱ ነፋሱ ሁለቱንም እኩል ይጫንና እሳቱ አይናወጥም። ነገር ግን ይህ ቱቦ የሚስበው አየር ጨው ያዘለ ነው፤ ጨዉም ከአሲዳማው ውሃ ጋር በቦይለሩ ሆድ ውስጥ ይገናኛል።

የእንጨት ምድጃ ጉሮሮ የሚጠረገው ዛሬም በመጥረጊያ ዘንግ ነው። ጠራጊው የምድጃውን አፍ በጨርቅ ሸፍኖ ብሩሹን ያስገባና፣ ተጣጣፊ ዘንጎችን አንዱን በሌላው ጫፍ እያሰረ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ መጋጠሚያው እንዳይፈታ ሁልጊዜ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ብቻ ያዞረዋል፤ ብሩሹ አናቱን ማለፉንም ውጭ ወጥቶ በዓይኑ ያረጋግጣል። ደረቅ ጥቀርሻ በቀላሉ ይወርዳል፤ አስቸጋሪው እርጥብ እንጨት ሲጨስ በግድግዳው ላይ የሚጋገረው ክሪዮሶት የሚባል ሬንጅ መሰል ቅባት ነው፤ ይህ ከተቀጣጠለ በጉሮሮው ውስጥ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በመጨረሻ ጠራጊው ጭስ የሚሰጥ እንክብል ምድጃው ውስጥ ለኩሶ፣ ጭሱ በአናቱ ብቻ መውጣቱንና በላይኛው ፎቅ መኝታ ቤቶች አለመታየቱን ይመለከታል።

ዘንጉ ከመለመዱ በፊት ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ሕፃናት ነበሩ። ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ በክርናቸውና በጉልበታቸው እየተደገፉ ይወጡ የነበሩት እነዚህ ልጆች ሲያድጉ በዘር ፍሬ ከረጢታቸው ላይ የሚወጣው ነቀርሳ ከጥቀርሻው የመጣ መሆኑን የለንደኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1775 ገልጸዋል፤ አንድን ነቀርሳ ከሥራ ጋር ካገናኙት የመጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች አንዱም ይኸው ነው። ጆርጅ ስማርት እ.ኤ.አ. በ1803 ልጅ የማያስፈልገው የመጥረጊያ መሣሪያ ሠርተው ሳለ፣ ከ1788 ጀምሮ የወጡት ሕጎች በተደጋጋሚ እየተጣሱ፣ ልጆቹን በእርግጥ ያስወጣው ሕግ የጸደቀው በ1875 ነበር። በዚያው ዓመት ጆርጅ ብሩስተር የተባለ ልጅ በካምብሪጅ አጠገብ ባለ ሆስፒታል ጉሮሮ ውስጥ ተቀርቅሮ ሞቶ ነበር። መሣሪያው ተሠርቶ እያለ ሕፃናት ሰባ ዓመት ያህል ወደ ጥቀርሻ መላካቸው ይቅር የማይባል ነገር ነው።

በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ማዕበል የጣለውን እንጨት ለቅመው ማንደዳቸው የቆየ ልማድ ነው፤ ነፃም ስለሆነ ይስባል። ይሁን እንጂ በባሕር ውሃ የተነከረ እንጨት ሲነድ በውስጡ ያለው ጨው ሃይድሮጅን ክሎራይድና ዳይኦክሲን የተባሉ መርዛማ ነገሮች እንዲፈጠሩ ያደርጋል፤ የመጀመሪያው ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ብረት የሚበላ አሲድ ይሆናል። ዝናብ ላይ ተሰጥቶ የደረቀ እንኳ ቢሆን ጨዉ ሙሉ በሙሉ አይወጣለትም። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ በእንግሊዝ በትንንሽ መጠን የሚሸጥ ማገዶ እርጥበቱ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የተደነገገ በመሆኑ፣ ደረቅ እንጨት ገዝቶ ማንደድ ከቱቦው ዋጋ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው።

የጽዳቱን ወቅት የሚወስኑት ወፎች ናቸው። ሲጋል የሚባሉት የባሕር ወፎች በጉሮሮዎች መካከል ጎጆ ይሠራሉ፤ ጃክዶው የምትባለው ትንሽ ቁራ ደግሞ አንዱ እንጨት እስኪሰካላት ድረስ ጭራሮ በጉሮሮው ውስጥ እየጣለች በዚያ ላይ ትከምራለች፤ ክምሩም መንገዱን ፈጽሞ ሊደፍነው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ወፎቹ የሚጠቀሙበትን ጎጆ ማፍረስ ስለሚከለክል፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ባለው የመራቢያ ወቅት ጠራጊው ጎጆ ካገኘ እጁን መሰብሰብና ምድጃው እንዳይነድ ማስጠንቀቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ጫጩቶቹ በርረው ብርዱ ያልጀመረበት መስከረም ተመራጭ ወር ነው፤ እንጨት አዘውትሮ የሚያነድ ቤትም በብርዱ መጨረሻ ሁለተኛ ጊዜ ቢያስጠርግ ይበጀዋል። ከጽዳቱ በኋላ አናቱ ላይ የሚገጠመው ወንፊት ለወፎቹም ለቤቱም የተሻለ ነው።

በቤቱ ለሚኖር ባለቤት የጋዝ ምርመራው በሕግ አልተጫነም፤ ለአከራይ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የጋዝ ደኅንነት ደንብ መሠረት ግዴታ ነው። አከራዩ ያቀረባቸውን የጋዝ መሣሪያዎችና ጭስ ማውጫዎቻቸውን በየ12 ወሩ ማስፈተሽ፣ የምርመራውን ወረቀት በ28 ቀን ውስጥ ለተከራዩ መስጠት፣ አዲስ ተከራይ ሲመጣም ከመግባቱ በፊት ማሳየት አለበት። ይህን መብት በብሪታንያ በኪራይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ሊጠይቁ ይገባል። በእንግሊዝ ከጥቅምት 2022 ወዲህ ደግሞ ቦይለር ወይም ምድጃ ባለበት የኪራይ ክፍል ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲኖር ታዝዟል፤ መሣሪያው ከቦይለሩ ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ይቀመጣል፤ ጽዳቱን ግን አይተካም። የጋዝ ሥራውን ለመሥራት የሚመጣው ሰው ጋዝ ሴፍ በተባለው መዝገብ የተመዘገበ መሆን ሲኖርበት፣ መታወቂያው ጀርባ ላይ የትኞቹን መሣሪያዎች እንዲነካ እንደተፈቀደለት ተጽፏል፤ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ያንን ጀርባ አገላብጦ ማንበብ ለየትኛውም ነዋሪ የተፈቀደ ነው።