ከማሽላው እስከ ጅብራው በአንድ ቀን

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን በውስጥ መስመር የደረሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። «ከአሊዩ አምባ ተነስተን፣ ከአንኮበር በላይ ያለውን ብርዳማ አፋፍ አይተን፣ በዚያው ቀን መመለስ እንችላለን?» ትሉኛላችሁ። ትችላላችሁ። ግን ሁላችሁም የምታስቡት ስለ መውጣቱ ነው። ዳገቱ ምን ያህል ይከብዳል፣ ጉልበት ይበቃል ወይ፣ ጫማው ምን ይሁን? «ስንት ሰዓት ላይ ፊታችንን እናዙር?» ያለኝ እስካሁን አንድም ሰው የለም። የዚህ ጉዞ ነገር የሚወሰነው ደግሞ በዚህች ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዕቅዱን ከመጨረሻው ጀምሬ ላስረዳችሁ።

በመጀመሪያ ቦታውን እንይ። አሊዩ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንኮበር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አቅጣጫ ያለው አፋፍ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ከታች ማሽላ፣ ግራርና ቁልቋል ነው። ትንሽ ከፍ ስትሉ ወይራና ጽድ ይመጣል። ከዚያ ገብስና ባቄላ፤ ከዚያ ኮሶ፤ በመጨረሻ አስታ፣ ጓሳ ሣርና ጅብራ። አያቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው የከፋፈሉትን አገር በአንድ ቀን በእግራችሁ ታቋርጡታላችሁ። እንዲህ ያለ ዳገት በአገራችን ብዙ ቦታ አለ፤ ለእኔ ግን ይኼኛውን የሚያህል የለም።

አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። ከአሊዩ አምባ እስከ አፋፉ 1,400 ሜትር ነው። ታች በሸሚዝ ያላባችሁ ሰዓት፣ ላይ ከዚያ ዘጠኝ ዲግሪ የወረደ አየር ይጠብቃችኋል፤ የአፋፉ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ጠዋት ታች ሆናችሁ የሚሰማችሁ ሙቀት ስለ እኩለ ቀን ምንም አይነግራችሁም። ሹራቡን «ምን ያደርግልኛል» ብሎ አሊዩ አምባ ትቶት የወጣ ልጅ፣ ላይ ደርሶ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በ1892 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ አንድ ቀላል ስሌት ትቶልናል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዝ፤ ሽቅብ ለሚወጣው ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ጨምርበት ይላል። የእኛን መንገድ በጠመዝማዛው 15 ኪሎ ሜትር ብለን ብንይዘው፣ ለርቀቱ 3 ሰዓት፣ ለዳገቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ፣ በድምሩ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን ሳያርፍ፣ ሳይበላ፣ ፎቶ ሳያነሳ ለሚሄድ ሰው ነው። እኔ ለቡድን ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል እጨምራለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሳ ቡድን አፋፉ ላይ የሚደርሰው ረፋዱ አልፎ ወደ 6 ሰዓት ሲጠጋ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ቁርጡ። 6 ሰዓት ሲሆን የትም ሁኑ የት ፊታችሁን ታዞራላችሁ። አፋፉ ሩብ ሰዓት ብቻ ቢቀረውም፣ «ያው ነው፣ እዚያ ጋ ነው» ቢባልም ትመለሳላችሁ። በ6 ሰዓት የተመለሰ በ8 ሰዓት ገደማ ጎረቤላ፣ የአንኮበር ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ ሻይ ጠጥቶ ቁልቁል ቢነሳ፣ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ አሊዩ አምባ ይገባል። ጉልበቱ የዛለ ደግሞ ጎረቤላ ላይ መኪና ይጠብቃል። ቁልቁለት ይቀላል ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ጉልበት የሚሰበረውም ቁርጭምጭሚት የሚዞረውም ቁልቁል ሲኬድ ነው።

ለምን 6 ሰዓት? በጉሙ ምክንያት። ከአፋፉ በስተምሥራቅ ያለው የአዋሽ ሸለቆና የአፋር ቆላ ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል። የጋለው አየር ገደሉን ተደግፎ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ጉም ሆኖ ልክ አፋፉ ላይ ይደርሳል። ጠዋት አፋር ድረስ ያያችሁበት ቦታ፣ ከሰዓት በኋላ የዘረጋችሁትን እጅ የማታዩበት ይሆናል። ጉሙ በየቀኑ አይመጣም። ግን ዛሬ እንደማይመጣ የሚያውቅ ሰው የለም።

ይኼን የተማርኩት በኅዳር ወር፣ ከአራት ልጆች ጋር ወጥቼ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበረ 8 ሰዓት ድረስ ላይ ቆየን። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሽታ መጣ፤ እርጥብ አመድ የሚመስል። ከዚያ ከገደሉ ሥር ነጭ ነገር ተነስቶ እንደ ጭስ ሣሩን እየላሰ ወደ እኛ መጣ። በደቂቃዎች ውስጥ ከፊቴ ያለው ልጅ ጠፋብኝ። ድምፁ ግን በጣም ቅርብ ነበር፤ ጉም ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። መንገዱን የያዝን መስሎን ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄድን። ድንገት ከግራችን የልጅ ድምፅ «ቁሙ! ገደል ነው!» አለን። አሥር ዓመት ቢሞላው ነው፤ ባና ተከናንቦ ከበጎቹ መሀል ቁጭ ብሏል። ቀረብ ስንል፣ «ጋሼ፣ ጉም ሲመጣ አይኬድም፤ ይቀመጣል» አለኝ። አስታ ቁጥቋጦ ሥር ጀርባችንን ለነፋሱ ሰጥተን ከእሱ ጋር ተቀመጥን። አንዱ በግ እጄ ላይ ተጠግቶ ይተነፍስ ነበር፤ ከሙቀት ሁሉ የሚሞቅ ትንፋሽ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጉሙ ሳሳ። ቆመንበት በነበረው ቦታና በገደሉ አፍ መሀል የቀረው የአንድ በሬ ርዝመት ያህል ነበር።

የዚያን ቀን አንኮበር የደረስነው በጨለማ ነው። ከዚያ ወዲህ 6 ሰዓትን አልፌ አላውቅም።

ስለዚህ ጉም ከያዛችሁ ተቀመጡ። አትበታተኑ፤ ሹራብ ልበሱ፤ ሁላችሁም መኖራችሁን ቁጠሩ፤ ጠብቁ። ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠራ ካርታ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ ፓወር ባንክ ያዙ፤ ግን ካርታው ከገደሉ ጫፍ ያላችሁን ርቀት በእርምጃ ልክ አይነግራችሁም።

ሸክም ላይ አጭር ልሁን። በሰው ሦስት ሊትር ውሃ። ከምንጭ የምትቀዱ ከሆነ ውሃ አጋር ጨምሩበት። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከማንኛውም ብስኩት ይሻላሉ፤ በሶውን እንደ ልማዳችሁ በማር ወይም በጨው ጨብጣችሁ በላስቲክ ያዙት። ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ነገር፣ ኮፍያ፣ ባትሪ። ዱላ አትናቁ፤ ቁልቁል ላይ ሦስተኛ እግር ነው። አዲስ ጫማ ግን በፍጹም፤ ሳምንት ያልተራመዳችሁበትን ጫማ ለዚህ ቀን አታውጡት። ታች ለምታድሩበት ሌሊት አጎበር ጠይቁ፤ ቆላ ነው።

ሸክምን በተመለከተ የድሮዎቹ ከእኛ ይበልጡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሊዩ አምባ ከታጁራ ወደብ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ትልቅ ገበያ ነበረች፤ አርጎባውም፣ አማራውም፣ አፋሩም የሚገናኝባት። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ ላይ፣ አንኮበር ነበር። ግመል ግን ይኼን ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ጭነቱ ቆላው ላይ ይራገፍና በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ሽቅብ ይሄድ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ በዚሁ በኩል ነው የወጣው፤ ያውም በሐምሌ፣ በክረምቱ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራርሟል። በሚቀጥለው ዓመት ቻርለስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም አሊዩ አምባ ላይ ተቀምጦ ሳለ በንዳድ ክፉኛ ተሠቃይቷል። እነሱ የረገጡትን መንገድ ነው የምትረግጡት። እናም እንደ ነጋዴዎቹ አድርጉ፤ ለዳገቱ የማያስፈልገውን ሁሉ ታች አራግፉት። ትልቁ ቦርሳ አሊዩ አምባ ይደር።

ከሸዋ ሮቢት ለምትመጡ ደግሞ አንድ ጥቅም አላችሁ። በጣርማ በር ወጥታችሁ፣ ደብረ ብርሃን ደርሳችሁ፣ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አንኮበር ተጉዛችሁ ነው ወደ አሊዩ አምባ የምትወርዱት። ይኸውም ነገ በእግራችሁ የምትወጡትን ዛሬ ከመኪና መስኮት ታዩታላችሁ ማለት ነው። እባካችሁ በዚያ ሰዓት አትተኙ። አፋፉ ጋ ስትደርሱ መኪናው ለአምስት ደቂቃ ይቁምላችሁ፤ ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ፣ መንገዱ በየት እንደሚጠመዘዝ በዓይናችሁ ያዙት። ለጉም ቀን የሚጠቅማችሁ ይኼ ነው።

ላይ ስትደርሱ ምን ታያላችሁ? ጭላዳ ዝንጀሮዎች በቡድን ሆነው ሣር ሲነቅሉ ታገኟቸዋላችሁ፤ አትመግቧቸው፣ ማሳ ማጥፋት የሚለምዱት በዚያ ነው። ገደሉ ጠርዝ ላይ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ደግሞ አንዲት ግራጫ፣ ዝንጉርጉር፣ ለዓይን የማትሞላ ወፍ ትመጣ ይሆናል። የአንኮበር ሴሪን ትባላለች። ሳይንስ ያወቃት በ1976 እ.ኤ.አ. እዚሁ አንኮበር አጠገብ ስትገኝ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለችም። ለእኔ የዚያ አፋፍ ባለቤት እሷ ናት። በስተሰሜን በኩል የወፍ ዋሻ ደን ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ከ6 ሰዓት ቀድማችሁ ከደረሳችሁ የጓሳውን ሣር ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጩ በሣሩ ላይ ያድራል። የላዩ ቅጠል ነጭና ደረቅ ነው፤ ጣታችሁን ወደ ውስጥ ስትሰዱ ግን እርጥብና ለብ ያለ ነው። ዝናቡንና ጤዛውን ይዞ ቀስ እያለ ለምንጮቹ የሚለቀው ይኼ ነው። ታች ያለው ማሽላ የሚጠጣው ውሃ ከላይ ያለው ሣር ያጠራቀመው ነው። ማሳው እየገፋ ሣሩ በየዓመቱ ሲጠብ ማየት ያመኛል። ስለዚህ አትንቀሉት፣ እሳት አታንድዱበት፣ ሃይላንድ ጥላችሁ አትሂዱ። የገበሬውንም ገብስ አቋርጣችሁ አትለፉ፤ ዙሩት።

ሰፊውን የጓሳ ሜዳ ማየት የምትፈልጉ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ወዳለው የመንዝ ጓሳ ሂዱ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ቀይ ቀበሮ ያለበት ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ ይባል በነበረ የራሱ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲጠብቀው ነበር፤ ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲከፈት ደግሞ በወግ አጭዶ። እሱ ግን ማደር የሚጠይቅ ጉዞ ነው፤ በሌላ ጽሑፍ እመለስበታለሁ።

ወሩን በተመለከተ፣ ክረምቱንና የበልጉን ዝናብ ተዉት፤ ጭቃው ዳገቱን ሳሙና ያደርገዋል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ጥሩ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ እኔንም፣ በየደረሳችሁበት ያሉ ሰዎችንም። «ዛሬ አትሂዱ» ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ ተራራው የትም አይሄድም። ያገሩን ሰው ሰላም ሳትሉ አትለፉ፤ እኛን በሰላም ያስገባን ያ የበግ እረኛ ነው። ልብ ሕመም፣ አስም፣ ደም ግፊት ያለባችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ከቆላ ቀጥታ 3,000 ሜትር ሲወጣ ራስ ምታት የሚጀምረው ሰው አለ፤ አረፍ ብሎ ካልተሻለው መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ አብሮት አንድ ሰው ይውረድ።

እኛ የፊታችን ቅዳሜ እንወጣለን። የምትመጡ ዓርብ ማታ አሊዩ አምባ ግቡና እራታችሁን በልታችሁ በጊዜ ተኙ። ሌሊት ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ገበያው ዳር ተገናኝተን እንነሳለን፤ እየሄድን ይነጋል።