አዲስ ወይስ ያገለገለ? መኪና ለመግዛት ለሚያስብ ቤተሰብ

አንድ ቤተሰብ መኪና ለመግዛት ሲመካከር አባት ስለ ዋጋው፣ ልጆች ስለ መልኩ ያወራሉ። ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚመጣና ሻጩ ምን እንደደበቀ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ ከሁሉም የሚቀድሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በመሸጫው ግቢ የቆመው አዲስ መኪና ዐይብ የለበትም እንበል። ዋጋው ግን ከአብዛኞቻችን ቁጠባ በላይ ስለሆነ ሻጩ የባንክ ብድር ያመላክታል። ብድሩ በወለድ ከሆነ ሪባ ነው። «ሁሉም የሚገዛው እንዲህ ነው» መባሉም ሐራሙን ሐላል አያደርገውም። መውጫው ሙራበሃ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀምሯል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት አላቸው። ሆኖም ስሙን ብቻ ሰምቶ መፈረም አይበቃም። ባንኩ መኪናውን አስቀድሞ ገዝቶ የራሱ ንብረት አድርጎታልን? ትርፉ ተነግሮ ጠቅላላው ዋጋ በውሉ ተቆርጧልን? ክፍያ ቢዘገይ ዕዳው እየጨመረ ለባንኩ ገቢ ይሆናልን? እነዚህን ሳያፍሩ መጠየቅ ይገባል።

ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ አዲስ የሚፈልግ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ማሰቡ አይቀርም። በኪራይ ግቢ የሚኖር ቤተሰብ የት እንደሚሞላው አስቀድሞ ያስብ።

ያገለገለውስ? የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው ማታለልን አጥብቀው አወገዙ። ታሪኩ በሙስሊም ዘገባ ይገኛል። የዛሬው እርጥብ እህል ወደ ኋላ የተመለሰ ኪሎ ሜትር ቆጣሪና በስቱኮ የተሸፈነ ግጭት ነው።

ስለዚህ መኪናውን ሞተሩ ሳይሞቅ በጠዋት ይዩት፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት ይጠርጥሩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ለመሆኑ ምልክት ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት መሳይ ነገር ከታየ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማግኔት በላሜራው ላይ ቢያስኬዱ ስቱኮው የወፈረበት ቦታ አይይዝም። መካኒኩን ራስዎ ይምረጡ እንጂ ደላላው ያመጣውን አይቀበሉ። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ።

በእኛ አስተያየት፣ በተጠራቀመ ገንዘብ የተገዛና በደንብ የተመረመረ አሮጌ ቪትዝ፣ በወለድ ከተገዛ አዲስ መኪና እጅግ ይሻላል። ሙራበሃ ከተገኘና ወርሃዊ ክፍያው የልጆችን ትምህርትና የቤት ቀለብ ካልነካ ደግሞ አዲሱን የሚከለክል የለም።

አሮጌ መኪናውን ሸጦ ሊተካ የሚፈልግም ተራው ሲደርስ ሻጭ ነው። ማርሹ ችግር እንዳለው ካወቀ፣ ደላላው ዝም እንዲል ቢመክረው እንኳ፣ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ለገዢው ይንገር።