አሮጌ ፕላስቲክ በኪሎ ከመግዛት በፊት ከሥሩ ያለውን ቁጥር ማንበብ

በመርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ ቆራሌው የለቀመውን በሚያስረክብባቸው ግቢዎች አሮጌ ፕላስቲክ በዓይን ተለይቶ ይሸጣል። ዓይን ግን ያታልላል። ገዢው ምን እየገዛ እንደሆነ የሚነግረው ከዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የታተመው ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ነው።

ቁጥሩን እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ሲሆን፣ የሚያመለክተው ዕቃው የተሠራበትን ጥሬ ዕቃ ብቻ ነው። «ተመልሶ ይሠራል» ወይም «ገዢ አለው» የሚል ዋስትና አይደለም። ተከታትለው የሚዞሩት ቀስቶች ይህን የተሳሳተ ግምት በማሳደራቸው፣ ደረጃውን የተረከበው ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በተራ ሦስት ማዕዘን ተክቷቸዋል። ባለ ቀስቱ ምልክት ግን እስከ ዛሬ ከገበያ አልጠፋም።

1 ቁጥር ፔት ነው፤ ሕዝቡ «ሃይላንድ» የሚለው የውኃ ጠርሙስ። 2 ቁጥር የዘይት ጀሪካንን የመሰለው ጠንካራ ፖሊኢትሊን ነው፤ እርግጥ ጀሪካን ካልተቀደደ ለውኃ መቅጃ ስለሚፈለግ እንደ ቁርጥራጭ የሚሸጠው ሞኝ ነው። 4 ስስ ላስቲክ፣ 5 የማዳበሪያ ከረጢትና አብዛኛው የፕላስቲክ ወንበር፣ 6 የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም፣ 7 ደግሞ ከነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ነው።

ኪሳራ የሚያመጣው ግን 3 ቁጥር ፒ.ቪ.ሲ. ነው። ፔት የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ፒ.ቪ.ሲ. ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ተበላሽቶ አሲድ ያወጣል። አሲዱ ፔቱን ያደክመዋል፣ ቀለሙንም ያጠቁረዋል። በአንድ ቶን ውስጥ ጥቂት ኪሎ ከተቀላቀለ ጭነቱ ሁሉ ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

ቁጥሩ ሲጠፋ ደላላው የሚመክረው ውኃ ውስጥ መንከር ነው። ይህ የሚሠራው በከፊል ነው። ተቆራርጠው ሲነከሩ 2፣ 4 እና 5 ይንሳፈፋሉ፤ ፔትና ፒ.ቪ.ሲ. ግን ክብደታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ አብረው ይሰምጣሉ። ጠርሙስ ከሆነ የሚሻለው መገልበጥ ነው። የፔት ጠርሙስ ከሥሩ መሐል ላይ ነጥብ አለው፤ የፒ.ቪ.ሲ. ጠርሙስ ግን ከሥሩ የስፌት መስመር ይታይበታል። በእሳት መሞከር አይመከርም፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ወደ ውጭ ለመላክ ለሚያስብ ባለሀብት ልየታው የሕግ ጉዳይም ሆኗል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ የተደበላለቀ ወይም የቆሸሸ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ያለ ተቀባዩ አገር ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይጫን ከልክሏል። ንጹሕና የተለየ ፔት፣ ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ተመልሶ ሊሠራ የሚላክ ከሆነ ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ፒ.ቪ.ሲ. ግን ንጹሕም ቢሆን ፈቃዱን ይጠይቃል።