የሰሙትን በእጅ ስለ መፈተን

ትምህርት ወደ ሰው ልብ የሚገባባቸው ደጆች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ዋናዎቹ ጆሮና እጅ ናቸው። በአገራችን በጆሮ የሚገባው ትምህርት ከጥንት ጀምሮ የከበረ ሲሆን፥ በእጅ የሚገባው ግን የጠይብና የሸማኔ ድርሻ ብቻ ተደርጎ ሲታሰብ ኖሯል። ነገር ግን የተፈጥሮ ምርምር፥ ይኸውም ሳይንስ የሚባለው ትምህርት፥ ያለ እጅ ሊዘልቁት የማይቻል መሆኑን ለመረዳት ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ የጎንደርንና የአውራጃዋን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል። በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ ሐኪም የሚያወጣ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አልነበረም። ስለዚህ በማግሥቱ ዓመት፥ በ1954፥ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፥ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ ርዳታ ጋር ተባብሮ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛን በጎንደር አቋቋመ። በዚያም የጤና መኮንኖች፥ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያን የሚባሉ የንጽሕና ጠባቂዎች አብረው ይማሩ ነበር። የዚህ ትምህርት ቤት ዋና ልማዱ ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ወጥተው፥ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠው፥ የተማሩትን በሥራ እንዲፈትኑት ማድረግ ነበር። በ2004 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተሰየመው ይኸው ቤት ነው። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው የተወለደው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሕዝብ መከራ ነውና፥ በእጅ መማር ለእርሱ እንግዳ ነገር አይደለም።

በእጅ መማር የምንለው ምን እንደ ሆነ በአንድ ምሳሌ እንግለጽ። የወባ ተሐዋሲ በደም ውስጥ እንደሚኖር ማንም ተማሪ በአንድ ሰዓት ሊያጠናው ይችላል። ነገር ግን የታመመውን ሰው ጣት በመርፌ ወግቶ፥ የደሙን ጠብታ በመስተዋት ላይ አንዱን ወፍራም ሁለተኛውን ስስ አድርጎ መቀባት፥ ጊምሳ በሚባለው ቀለም መንከር፥ አጥቦና አድርቆ አንድ ሺህ ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ መመርመር ሌላ ነገር ነው። ወፍራሙ ቅብ ተሐዋሲው መኖሩን ያሳያል፤ ስሱ ደግሞ ፋልሲፓሩም ወይም ቫይቫክስ መሆኑን ይለያል። እጁ ያልለመደ ሰው የቀለሙን ዝቃጭ ተሐዋሲ ነው ሲል፥ ተሐዋሲውንም ዝቃጭ ነው ብሎ ሲያልፈው ይገኛል። ይህን ስሕተት የሚያርመው ንባብ አይደለም፤ ደጋግሞ መሥራትና በመምህር ፊት መታረም ነው። ላቬራን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1880 በአልጄሪያ በአንድ የታመመ ወታደር ደም ውስጥ ይህን ተሐዋሲ ያየው፥ ብዙዎች ወባ ከክፉ አየር የሚመጣ ነው ብለው በሚያምኑበት ዘመን በገዛ ዓይኑ ስለ መረመረ ነው።

የዚህ ነገር ጉዳት ምን ያህል እንደሚከብድ ከጎንደር በስተ ደቡብ የምትገኘው የሊቦ ከምከም ወረዳ ታስተምረናለች። በዚያ ሕዝቡ በረጅም ትኩሳት ሲታመም፥ ሰውነቱ ሲከሳና ጣፊያው ሲያብጥ፥ በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2005 ግን በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ትኩሳትና የጣፊያ እብጠት በሁለቱም በሽታዎች አሉ፤ በአፍ በመጠየቅ ብቻ ሊለዩ አይችሉም። የሚለያቸው የተመረመረ ደምና የሠለጠነ እጅ ነው። ካላዛርም ካልታከመ የሚገድል በመሆኑ፥ ምርመራው በዘገየ ቁጥር ሰው ይሞታል። ስለዚህ ቤተ ሙከራ የዩኒቨርሲቲ ጌጥ አይደለም፤ የድሀው ገበሬ ሕይወት የሚመዘንበት ሚዛን ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ሥርዓት ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን የቅኔ ቤታችንን ያስተውል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ አጥንቶ ብቻ ቅኔ አዋቂ አይባልም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ለመምህሩም ቀርቦ ይነግራል፤ ቢሳሳት ይታረማል፤ በማግሥቱም ይደግማል። በጎንደር በበአታ የሚሰጠው አቋቋምም እንዲሁ ነው፤ መቋሚያ ሳይዙ፥ ጸናጽል ሳያንሿሹ፥ ከበሮ ሳይመቱ በጽሑፍ ብቻ የተማረው ሰው አይኖርም። እንግዲህ ሊቃውንቶቻችን ለቅኔና ለአቋቋም የሠሩትን ሥርዓት ለሳይንስ ብንነፍገው የአባቶችን መንገድ ለቀቅን እንጂ ጠበቅን አያሰኝም።

ደግሞም ሙከራ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ ይህም በባሕር ጠረፍ እውነት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በጎንደር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፤ ከዚያ ከፍ ባለው በደባርቅም ወደ 90 ይወርዳል። በደጋ ንፍሮ ቶሎ የማይበስለው ስለዚህ ነው። ይህን በአንድ ቴርሞሜትርና በአንድ ጀበና የፈተነ ተማሪ ሁለት ነገር ይማራል፤ መጀመሪያ የአገሩን ጠባይ፥ ሁለተኛም የተጻፈው ሁሉ የተነገረለት ስፍራና ሁኔታ እንዳለው። መብራት በማይደርስበት ገጠርም የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ተቀብሎ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አለ።

ስለዚህ በትምህርት ላይ የተሾማችሁ ሹማምንት ሦስት ነገር እንድታስቡ እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ በጀት ሲቆረጥ መሣሪያው ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የሚያልቀው ቀለም፥ መስተዋትና የጠጋኙ ሠራተኛ ደመወዝ አብሮ ይቆረጥ። ሁለተኛ፥ እንዳይሰበር ተብሎ በመጋዘን የተቆለፈ መሣሪያ ካለ ይከፈት፤ ዕቃ ቢሰበር ይተካል፥ ያልሠለጠነ ሐኪም የሳተው ሕይወት ግን አይተካም። ሦስተኛ፥ ተማሪው በወረቀት እንደሚፈተን ሁሉ በእጁም ይፈተን፤ የደም ቅቡን ሠርቶ ያላሳየ፥ ያየውንም ያልተረጎመ አልፏል አይባል።

የደምቢያ ሰዎች ሞት ኮሌጅ አስገኘ፤ የሊቦ ከምከም ሰዎች መከራም ምርመራ እንዳይዘገይ አስጠነቀቀን። ለእነርሱ የምናቆምላቸው መታሰቢያ፥ የተማረውን በእጁ ሠርቶ የሚያሳይ ተማሪ ቢሆን እንወዳለን።