የዩክሬን ጦርነት ከየት ይጀምራል?
ተማሪዎቼ ስለ ዩክሬን ሲጠይቁኝ ከ2022ቱ ወረራ አልጀምርም (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። መጀመሪያ የማስነብባቸው በዲሴምበር 1994 ቡዳፔስት ላይ የተፈረመውን አጭር ሰነድ ነው። ዩክሬን ከሶቭየት ኅብረት የወረሰችውን፣ በወቅቱ ከዓለም ሦስተኛ የነበረውን የኑክሌር ክምችት ልታስረክብ ተስማማች። ሩሲያ፣ አሜሪካና ብሪታንያ ደግሞ ድንበሯን እንደሚያከብሩ ፈረሙ። አንዷን ቃል ልብ በሉልኝ፦ የተሰጣት «ማረጋገጫ» እንጂ «ዋስትና» አይደለም። ብትወረር ጦር እንዲያዘምቱላት የሚያስገድድ አንቀጽ የለውም።

በ2008 ኔቶ ቡካሬስት ላይ «አባል ትሆናለች» አለ፤ ቀን ግን አልቆረጠም። ሞስኮ ተቆጣች፣ ኪየቭም ያለ ጋሻ ቀረች። በእኔ እምነት ከባዱ ስህተት ይህ ነው። ቢሆንም ወረራውን ትክክል አያደርገውም፤ በ2014 ክሬሚያን ስትወስድ የራሷን ፊርማ ያፈረሰችው ሩሲያ ናት።