በቅጠል ውሃ የሚሠራ ብር

የኒም ቅጠል ታጥቦ ይከተፋል፤ በንጹሕ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ይፈላና ይጠለላል። በሌላ ዕቃ ሲልቨር ናይትሬት የሚባለው የብር ጨው ይሟሟል። ጨው ሲባል ብዙ አይምሰላችሁ፤ አብዛኞቹ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት ብጥብጥ በአንድ ሊትር ውሃ 0.17 ግራም ያህል ብቻ ይዟል። ከቅጠሉ ውሃ ጥቂት ጠብ ሲደረግበት ፈዛዛ ቢጫ የነበረው ፈሳሽ ቀስ በቀስ እየጠቆረ የወፍራም ሻይ መልክ ይይዛል። አሠራሩ በሙሉ ይኸው ነው።

ቀለሙን ያመጣው ብሩ ነው። ጨው ሲሟሟ ብሩ አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው አዮን ሆኖ ይበተናል። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፖሊፊኖሎች፣ ስኳሮችና ተርፔኖይዶች የጎደለውን ኤሌክትሮን ይሰጡታል፤ አዮኑም ወደ ብርነቱ ተመልሶ ከመሰሎቹ ጋር ይሰባሰባል። ቅጠሉ በዚህ አያበቃም። ሞለኪውሎቹ በየቅንጣቱ ላይ ተለጥፈው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይዘቅጡ ያደርጋሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ከ100 ናኖሜትር ሳያልፉ ይቀራሉ፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ያህል ያነሰ ብር አያብረቀርቅም። በገጹ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከ400 እስከ 450 ናኖሜትር የሚሆነውን ሐምራዊና ሰማያዊ ብርሃን ስለሚውጡት ለዓይን የሚተርፈው ቢጫውና ቡናማው ነው።

ኒምን ለዚህ ሥራ ያስተዋወቁት ሕንድ ውስጥ ፑኔ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የኬሚካል ላቦራቶሪ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2004 ነው። ቅጠሉ ቀድሞ ለዚሁ ሥራ ይውሉ ከነበሩት ሻጋታና መሰል ተህዋስያን እጅግ እንደሚፈጥን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሽፈራው፣ ሬት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ምኑ ቅጡ፣ ያልፈላ ተክል ያለ አይመስልም። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሁሉ ጥናት ብዙው የተክሉን ስም ቀይሮ ያንኑ የሚደግም ነው።

ብር ተህዋስያንን እንደሚገድል ግን የቆየ እውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይፕዚግ የነበረው የማህፀንና የወሊድ ሐኪም ካርል ክሬዴ የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ በአራስ ሕፃናት ዓይን ላይ እየጨመረ፣ ከእናት በሚተላለፍ ጨብጥ የሚመጣውን ዕውርነት በእጅጉ ቀንሷል። ሲልቨር ሰልፋዲያዚን የተባለው ቅባትም ለቃጠሎ ቁስል እስከ ዛሬ ይታዘዛል። ምሥጢሩ ብር ለድኝ ያለው ፍቅር ነው። የብር መስቀልና ድሪ ሲቆይ የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለው የድኝ ጋዝ ጋር ስለሚዋሃድ ነው፤ በባክቴሪያ ፕሮቲኖችና ኢንዛይሞች ውስጥም ድኝ አለ። ከቅንጣቱ የሚሟሟው የብር አዮን እሱን ይይዝና ኢንዛይሙን ከሥራ ያስወጣዋል፣ የሴሉንም ሽፋን ያዳክማል። ቅንጣት ባነሰ ቁጥር በአንድ ግራም ብር ውስጥ ለውሃ የሚጋለጠው ገጽ ስለሚሰፋ አዮኑም በብዛት ይወጣል። ብሩን ማድቀቅ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ለዚህ አሠራር የሚሰጠውን «አረንጓዴ» የሚል ቅጽል ግን በልኩ መያዝ ይሻላል። ከተክል የመጣው ኤሌክትሮን ሰጪው ብቻ ነው። ለዚሁ ሥራ የሚውለውን አደገኛ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ መተካቱ ትልቅ ነገር ቢሆንም ሲልቨር ናይትሬት ያው ቆዳ የሚያቃጥል፣ ለዓሣም መርዝ የሆነ ኬሚካል ነው። ቅጠል ደግሞ እንደ ፋብሪካ ኬሚካል አንድ ዓይነት አይደለም፤ አፈሩ፣ ወቅቱና የቅጠሉ ዕድሜ ሲለያይ የቅንጣቱ መጠንም ይለያያል። ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ በብሩ ፈሳሽ ዙሪያ ባክቴሪያ የሌለበት ንጹሕ ክብ ሲታይም ጥያቄ አለ፦ የገደለው ቅንጣቱ ነው፣ ሳይለወጥ የቀረው የብር አዮን ነው ወይስ ራሱ የኒሙ ውሃ? ሦስቱን ለየብቻ ያልፈተነ ጥናት ብዙ አይነግረንም።

ባክቴሪያም ብርን ይላመዳል። በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣ ዘገባ መሠረት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቃጠሎ ሕሙማን ቁስላቸው በሲልቨር ናይትሬት ሲታከም የተገኘው ሳልሞኔላ ብሩን ብቻ ሳይሆን አምፒሲሊንና ክሎራምፌኒኮል የተባሉትን አንቲባዮቲኮችም የሚቋቋም ነበር።