የጅራፍ ወራትና የወላጆች ፈንታ

በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፥ ነሐሴ ሲገባ የልጆች አሳብ ሁሉ ወደ ጅራፍ ይመለሳል። አንዱ ሲገምድ ሌላው ያየዋል፤ በጥቂት ቀንም ጅራፍ የሌለው ልጅ ከጓደኞቹ ያነሰ ይመስለዋል። እስከ ነሐሴ 13 ቀን፥ እስከ ደብረ ታቦር በዓል ድረስ፥ ሜዳው በጩኸት ይሞላል። ሊቃውንትም ይህን ጩኸት በታቦር ተራራ ለተሰማው ለእግዚአብሔር አብ ድምፅ ምሳሌ ያደርጉታል።

ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ከሚሄደው ከድምፅ ይልቅ ስለሚፈጥን ነው። እንዲህ ያለው ጫፍ ዓይን ቢያገኝ ያጠፋል። ስለዚህ አንዳንድ ወላጅ ጅራፉን ቀምቶ ከእሳት ይጥለዋል። ልጁ ግን ሌላ ገምዶ ከሰው ርቆ ያጮኻል፤ አደጋውም ተመልካች ወደሌለበት ሄደ እንጂ አልቀረም።

አባቶቻችን ለጨዋታ ቀንና ሥርዓት መስጠትን ያውቁ ነበር። በገና ጨዋታ ዕለት ሎሌ ከጌታው ጋር ሩር ሲጋፋ ጌታው እንዳይቆጣ የቆየ ልማድ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ጅራፉን ከመቀማት ስፍራውን ማመልከት ይሻላል። ሜዳው ሰፊ ይሁን፤ ተመልካች ከጅራፉ ርዝመት እጅግ ይራቅ፤ ሰውና ከብት አይገረፍ፤ ታናናሾች ከታላላቆች ይለዩ። በዓሉ ሲያልፍ ጅራፉ ይሰቀል። አባትም በልጅነቱ ያጮኸ ነውና ወጥቶ ቆሞ ይመልከት፤ ልጅ በአባቱ ፊት ሲጫወት፥ ከቁጣ የማያገኘውን ጥንቃቄ ይማራል።